የራስህን መርፌ ራስህ

«ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨምሬበታለሁ፤ ሐዘን አንጀት ያደርቃል» አለችና እህታቸው የሻይ ብርጭቆውን በእጃቸው አስያዘቻቸው።

ርዕሰ መምህሩ ተቀበሉ እንጂ አልጠጡም። ጡረታ ከወጡ ብዙ ዘመን ቢሆናቸውም ሰው ሁሉ ዛሬም በዚሁ ማዕረግ ይጠራቸዋል፤ እሳቸውም ወንበር ላይ የሚቀመጡት ፈተና እንደሚጠብቅ ሰው ጀርባቸውን አቅንተው ነው። ብርጭቆውን በአጠገባቸው ካለችው ጠረጴዛ ላይ፣ ሳይነኩ ከቀዘቀዙት ብርጭቆዎች ጎን አሰለፉትና እጃቸውን ወደ ውኃው ማንቆርቆሪያ ዘረጉ።

«እንደገና ውኃ? ከትናንት ጀምሮ ጉድጓድ አደረቅህ እኮ፣ ወንድምጋሼ።»

«የሚያለቅስ ሰው ይጠማዋል» አሉ። አላለቀሱም ነበር።

ነርስ የሆነችው ባለቤታቸው ወደ ጤና ጣቢያ ሥራዋ ስትወጣ፣ ከደጃፉ እምብዛም ሳትርቅ ልቧ ቆሞ ወደቀች። ይህ የሆነው ከትናንት በስቲያ ነው። ከጎረቤት የተዋሱት ወንበር ከሳሎኑ አልፎ በረንዳውን ሞልቶታል። ሰው ሲገባ ይነሣሉ፤ «ያጥናዎት» ሲባሉ «አሜን» ብለው ይቀመጣሉ። ያ ሁሉ ሰው ከቧቸው ሳለ፣ ምላሳቸው ለምን እንደ ቆዳ እንደ ደረቀ፣ የገቢ ወጪው ፊት ለምን እንደሚደበዝዝባቸው የሚያውቅ አንድም አልነበረም። የምታውቀዋን ትናንት ቀብረዋታል።

ዘወትር ማለዳ፣ ከቁርስ በፊት፣ በመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር ካለው ወንበር ላይ ይቀመጡ ነበር። እሷ የኢንሱሊኑን ብልቃጥ በሁለት መዳፎቿ መካከል ቀስ አድርጋ ታንከባልለዋለች፤ መጠኑን ድምፅ አውጥታ ትጠራለች፤ እሳቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ። ከወጋቻቸው በኋላ ሸሚዛቸውን ወደ ታች ሳብ፣ በመዳፏም መታ ታደርግና «ጨርሻለሁ» ትላለች። ያን ጊዜ ፊታቸውን ይመልሳሉ።

ሕመሙ የተገኘባቸው ዕለት የተናገሩት አንድ ቃል ነበር። «ይህ ነገር ከዚህ ክፍል አይወጣም።» የተማሪ ወላጅ፣ የትናንት ባልደረባ «ርዕሰ መምህሩን ስኳር ያዘው» ሲል መስማት ከሞት ይልቅ ይከብዳቸው ነበር። እሷም ምስጢራቸውን አላወጣችም፤ ለገዛ እህታቸው እንኳ። ከዚያ ወዲህ በጤና ጣቢያው የስኳር ሕሙማን ክፍል ስታስከፍት ለግድግዳው የሚሆን ጽሑፍ ለመነቻቸው፤ የእጅ ጽሕፈታቸው ውብ ነበርና። በትልልቅ ፊደል ጻፉላት፦ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።» ስትቀበላቸው ጥቂት ትክ ብላ አየቻቸው።

«የመጥረጊያ ማስቀመጫ ነበረች እኮ ያቺ ክፍል» አለች የወፍጮ ቤቷ ሴትዮ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የምታወራው አጠገቧ ለተቀመጠው ልብስ ሰፊ ነው። «ሲስተር ናት መጥረጊያውን አውጥታ አግዳሚ ያስገባች። ያኔ እኛ ለመድኃኒት በአውቶቡስ እየተንገላታን ትልቁ ሆስፒታል ድረስ እንሄዳለን። ስንቱ ታክቶት ቀርቶ፣ እግሩን አጣ።»

«አሁንማ የሌሎቹ ጣቢያዎች ነርሶችም ከእሷ ተምረው ከፍተዋል» አለ ልብስ ሰፊው። ከሥራው ተነሥቶ በቀጥታ ስለ መጣ መለኪያው ሜትር አንገቱ ላይ ቀርቷል።

«አንተ ደግሞ፤ ሐሙስ ሐሙስ የምትመጣው ልትማር ነበር ወይስ በር በሩን ልታይ? ዕድሜውን ሙሉ በመርፌ የሚተዳደር ሰው መርፌ ሲያይ ይንቀጠቀጥ!»

«ጨርቅ አይጮህማ፣ እትዬ።»

ሴትዮዋ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። በለቅሶ ቤት መሳቅ ነውር ነው።

«ለመንኳት» አለ ልብስ ሰፊው። «‹ሲስተር፣ የዛሬን ብቻ አንቺ ውጊኝ› አልኳት። መለማመጃ ብርቱካን አስያዘችኝ። ‹የራስህን መርፌ ራስህ። እኔ የሞትኩ ዕለት ማን ሊወጋህ ነው?› አለችኝ።»

«እኔንስ? እንባ በእንባ ሆኜ ለምኛት፣ ቆማ አየችኝ እንጂ መች ነካችኝ? ደንብ አላት፤ ከእሷ ዘንድ የሚማር ሁሉ በገዛ እጁ ነው።»

ርዕሰ መምህሩ የውኃውን ብርጭቆ አስቀመጡ። «ለማንም?» አሉ።

«ለማንም፣ ጋሼ» አለች ሴትዮዋ ደንገጥ ብላ። «የወለደቻት እናቷ ብትመጣ አትወጋም ነበር።»

ደንቡን አያውቁትም ነበር። የነርስ ወጉ ነው፣ ለሁሉም የምታደርገውን ለእኔም ታደርጋለች ብለው ኖረዋል። አንዳንድ ማለዳ ስትዘገይ «የመንግሥት ሠራተኛ ሰዓት ያከብራል» እያሉ ይቆጧት ነበር። እሷም «ይቅርታ፣ የኔታ» እያለች ትሥቃለች።

በዚህ መካከል እህታቸው ከወጥ ቤት ብቅ አለች፤ በእጇ ብልቃጦችና ሲሪንጅ የያዘ ክዳን ያለው ዕቃ አለ።

«ለእንግዳ የሚጠጣ ውኃ ላስገባ ብዬ ፍሪጁን ስከፍት አገኘሁት። የጤና ጣቢያው ሳይሆን አይቀርም፤ የመንግሥት ንብረት እጃችን ላይ እንዳይቀር» አለችና ለልብስ ሰፊው ሰጠችው። «ሐሙስ ስትሄድ አድርስልን፣ ወንድሜ።»

ልብስ ሰፊው ክዳኑን ከፍቶ አየ። «ኢንሱሊን ነው። ይደርሳል» አለና በኮቱ ኪስ ከተተው።

ርዕሰ መምህሩ ኪሱን አዩ። ዝም ቢሉ ማንም አያውቅም። ዝም ቢሉ ግን ያ ብልቃጥ ከዚህ ቤት ይወጣል፤ ይህ ቤት እንደሚሻው የምታውቀዋ ደግሞ ተመልሳ አታመጣውም።

«መልሰው» አሉ።

«ምን አሉኝ፣ ጋሼ?»

«የኔ ነው።» ድምፃቸው ሰልፍ ላይ ስም ይጠሩበት እንደ ነበረው ዘመን ጠርቶ ወጣ፤ በረንዳው ድረስ ተሰማ።

ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። እህታቸው የቀዘቀዘውን የሻይ ሰልፍ አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ሦስት ማንኪያ» አለች። ልብስ ሰፊው ተነሥቶ ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ ከፊታቸው አነሣ፤ ከዚያ ዕቃውን ከኪሱ አውጥቶ በቦታቸው አኖረው።

«መቼ ነው የተወጉት?»

«ከሄደች ወዲህ አልተወጋሁም።»

«እኔ ልውጋዎት? አሁን አልፈራም።»

«አይሆንም። ደንቧን አንተው ነግረኸኛል።» እጃቸውን ዕቃው ላይ አኖሩ። «ከብርቱካኑ በኋላ ምን አለችህ?»

ልብስ ሰፊው በእጁ እያሳየ ነገራቸው፤ ብልቃጡ እንደማይናጥ፣ በመዳፍ እንደሚንከባለል፣ አየሩ እንዴት እንደሚወጣ፣ የሆድ ቆዳ እንዴት እንደሚቆነጠጥ፣ መርፌው ቶሎ እንደማይነቀል። ርዕሰ መምህሩ የሌላ ሰው መልስ ሳያቋርጡ ሲሰሙ ይህ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም።

«መጠኑን ያውቁታል?»

«በየማለዳው ትጠራው ነበር።»

«እንግዲያው ወዲያው ይብሉበት። ነገ በጠዋት ጣቢያ አብረን እንሄዳለን፤ መለካት አለብዎት።»

«እሄዳለሁ። ሐሙስም ከእናንተ ጋር እቀመጣለሁ» አሉና ዕቃውን ይዘው መኝታ ቤት ገቡ። በሩን ዘጉ።

የመስኮቱ ወንበር በቦታው ነበር። ተቀመጡ። ብልቃጡ ቀዝቅዟል፤ በሁለት መዳፋቸው መካከል አድርገው፣ የበረደ የሰው እጅ እንደሚያሞቁ ሁሉ፣ ረጅም ጊዜ አንከባለሉት። መነጽራቸውን አጠለቁ። የሲሪንጁን መስመር ወደ ብርሃኑ አስጠግተው እስኪጠራላቸው ጠበቁ፤ መጠኑንም ድምፅ አውጥተው ጠሩ። ያን ያህል ዓመት ፊታቸውን ሲያዞሩ ኖረው፣ ዛሬ የግድ ማየት ነበረባቸው። የሆዳቸውን ቆዳ ቆነጠጡ። መርፌውን እያዩት ወጉ።

«ወንድምጋሼ፣ ልግባ?» አለች እህታቸው ከበሩ ውጭ።

«ቆይ።»

እንደ ልማዳቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩና ጠበቁ። ከውጭ የወንበርና የጫማ ድምፅ ይሰማል። «ጨርሻለሁ» የሚል የለም። ብዙ ከጠበቁ በኋላ ሸሚዛቸውን ወደ ታች ሳብ አደረጉ፤ በመዳፋቸውም፣ እሷ እንደምታደርገው፣ በቦታው ላይ አንድ ጊዜ መታ አደረጉት።