ቁልፍ የሌለው ቤት

የእኛ ቤት ቁልፍ የለውም። ድሮ ነበረው ይባላል፤ እኔ ግን በሃምሳ ሁለት ዓመቴ አይቼው አላውቅም። በእኛ ገጠር፣ በኮንማራ፣ በቀን በሩን የዘጋ ሰው ወይ ሞቶበታል ወይ ተጣልቷል።

ለዚህ ነው የቤት መርማሪዋ ኦርላ "በሩ ለግማሽ ሰዓት መከፈት የለበትም" ስትለኝ የሳቅሁት። እሷ አልሳቀችም። ቤታችን ሙቀት እንዲይዝ ግድግዳውና ጣሪያው በመንግሥት ድጋፍ ለብሷል። የቀረው ፈተናው ነበር፦ የፊት ለፊቱ በር ላይ ትልቅ ማራገቢያ ተገጥሞ አየሩን ወደ ውጭ ይስባል፤ ነፋስ ምን ያህል ሾልኮ እንደሚገባም ይለካል። ቤቱ ካላለፈ ቀሪው ድጋፍ አይለቀቅም፤ ማሞቂያውም አይተከልም። ማሞቂያ ከሌለ ደግሞ ሐኪሙ እማዬን ከጎልዌይ ሆስፒታል አይለቃትም። "ሳንባዋ በዚያ ቤት ሌላ ክረምት አይችልም" ብሎኛል። ቀጣዩ የፈተና ቀጠሮ መጋቢት ነው። እማዬን እስከ መጋቢት ባዳ ቤት ላስተኛት? እኔ ኖሪን? በጭራሽ!

ማራገቢያው መጮኽ እንደጀመረ የጓሮው በር ብርግድ አለና ጎረቤታችን ፓደር ገባ።

"ምን ሆናችሁ ነው በር የዘጋችሁት? እናትሽ ቢዲን ሞተች እንዴ?"

"እናቴ አልሞተችም! ይውጡልኝ!"

"እንግዲያው ሻይ ጣጂ" ብሎ ወንበር ሳበ።

ልኬቱ ተበላሸ። ኦርላ እንደገና ጀመረች። አሁን ደግሞ ሌላዋ ጎረቤታችን ሳሊ ለለቅሶ የሚሆን ዳቦ ይዛ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ከች አለች። ከእሷ ኋላ ፖስተኛው።

"ቂጥ ገልቦ ክንብንብ አሉ" አለ ፓደር እየሳቀ፤ "ጣሪያው ለብሶ በሩ ወለል!"

"ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው መሞከር የምችለው፤ ሌላ ቤት ይጠብቀኛል" አለች ኦርላ። "በሩ ላይ ማስታወቂያ ልለጥፍ?"

"ከለጠፍሽማ አለቀልን። አንብበው ሲጨርሱ ምን ማለት እንደሆነ ሊጠይቁ ይገባሉ" አልኋት።

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በሩን የሚከፍተው ውጭ ያለ ሰው ነው፤ ስለዚህ ውጭ ሰው መቅረት የለበትም። መንገድ ላይ ወጥቼ "ኑ! ሁላችሁም ኑ!" ብዬ ጮኽሁ። በሩብ ሰዓት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ሰው ኩሽናዬ ገባ። ፓደር የጓሮውን በር በጀርባው ተደገፈው።

"አሁን ቅዱስ ፓትሪክ ራሱ ቢመጣ አልከፍትለትም!"

ማራገቢያው ጮኸ። ሰው ሁሉ ድርቅ ብሎ ቆመ። ሳሊ ቀስ ብላ "መተንፈስ ይፈቀዳል?" አለች። ኦርላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ከዚያ ቁጥሩን አየችና አውራ ጣቷን አነሳችልኝ። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ምንም አልቀረው።

ማሞቂያው ተተከለ፤ እማዬም በኅዳር መጨረሻ መጣች። በሩን ከኋላዋ ስዘጋ ቀጥ አለች።

"ማን ሞተ?"

"ማንም።"

ግድግዳውን ዳሰሰችው። ትንሽ ቆይታ ካፖርቷን አወለቀችና ወንበሩ ላይ አደረገችው። እናቴን በኅዳር በዚያ ኩሽና ውስጥ ያለ ካፖርት አይቻት አላውቅም፤ አለቀስሁ።

የጓሮው በር ብርግድ አለ፤ ፓደር ነው። እንደ ልማዱ አላንኳኳም። ግን ሁለት እርምጃ ተራምዶ ቆመ፣ ተመለሰና በሩን በሁለት እጁ ገጥሞ ዘጋው። ሰባ ዓመት ሲገባና ሲወጣ ዘግቶት አያውቅም።

"እንዳይበርድሽ ብዬ ነው" አላት።