የበቀቀኑ ፊት

ግሩም በቀቀኑን ያመጣው በሳሙና ካርቶን ውስጥ ነበር። ካርቶኑ ጎንና ጎኑ በቢላ ተበስቷል፤ ከውስጡ ዘይት እንዳጣ የበር ማጠፊያ ሲጢጥ የሚል ድምፅ ይወጣል። ታናሽ እህቱ ፅዮን በደስታ ስትዘል እናታቸው ዋጋነሽ ግን በሩ ሥር ቆማ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ያዘች። ወፍ የሳንባ በሽታ ያመጣል ሲባል ሰምታለች። ዋጋነሽ ብዙ ነገር ትሰማለች፤ ከምትሰማው ውስጥ ደግ ደጉ በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ሲወጣ፣ ክፉ ክፉው እዚያው ጎጆ ቀልሶ ይቀራል።

«ከየት አመጣኸው?» አለችው።

«ከወሊሶ ወዲህ፣ ልጆች መንገድ ዳር ይዘውት ቆመው አገኘሁ። አሳዘነኝ» አለና የመኪናውን ቁልፍ ሚስማሩ ላይ ሰቅሎ ወደ ባኞ ገባ።

ወሊሶ ሲላት ልቧ መለስ አለ። ወሊሶ ቅርብ ነው፣ መንገዱም ሰው አያጣም። ባለቤቷ መኳንንት ከስድስት ዓመት በፊት ከጎሬ ወደ ማሻ ሲሄድ ጭጋግ ውስጥ መንገድ ስቶ፣ ከነጭነት መኪናው ገደል ገብቶ ቀርቷል። ልጇ የአባቴን ሙያ ልያዝ ብሎ ሲነሳ ማገድ እንደማትችል ስላወቀች አላገደችውም። አንድ ነገር ብቻ ለመነችው። በተዝካሩ ቀን፣ ካህናቱ ገና ከድንኳኑ ሳይወጡ፣ ያንን መንገድ ላይረግጥ በአባቱ አጥንት ማለላት። ከዚያ ወዲህ ግሩም ባመሸ ቁጥር የምትጽናናው በዚህ መሐላ ነበር፤ የትም ይሁን፣ እዚያ ግን አይደለም።

በቀቀኑ ገና ጨቅላ ነው። ገላው አረንጓዴ፣ ራሱ የደረቀ ቅጠል የመሰለ፣ ዓይኑ ጥቁር ቡናማ። ፅዮን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ ወደ እሱ ትሮጣለች፤ ምሳዋንም እራቷንም ከእሱ ጋር ትበላለች። ወቅቱ ሁዳዴ ስለነበር ከቤታቸው የድንችና የካሮት አልጫ አይጠፋም፤ ወፉም እንደ ቤተሰቡ ጾመኛ ሆነ።

በሦስተኛው ሳምንት ዋጋነሽ አላስቻላትም። ዝርያው ከታወቀ የሚያመጣውም በሽታ ይታወቃል ብላ ጋሽ ረሻድን ጠራቻቸው። ጋሽ ረሻድ ፌርማታው አጠገብ ጎሚስታ ናቸው፤ ጣሪያቸው ላይ እርግብ ሲያረቡ ፀጉራቸው ሸብቷል። ወፉን በመዳፋቸው አገላብጠው አዩትና የአገራችን በቀቀን ነው፣ ከውጭ የመጣ አይደለም አሏት። ብቻ የሚያውቋቸው ፊታቸው ቢጫ ሲሆን የዚህኛው ወደ ብርቱካን መሄዱ ገርሟቸው፣ ፎቶ አንስተው ወፍ ወዳዶች በሚጻጻፉበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቁት።

በማግስቱ ጉዲሳ የሚባል፣ ወፍ ለማየት የሚመጡ እንግዶችን ጫካ ለጫካ የሚመራ ሰው በድምፅ መለሰ። ጋሽ ረሻድ ስልካቸውን ዋጋነሽ ጆሮ ላይ አስጠግተው አሰሟት። ሰውዬው በእርጋታ አስረዳ። ይህ በቀቀን ሁለት ንዑስ ዝርያ አለው። አንደኛው ፊቱ ቢጫ ነው፤ እዚህ ቅርብ መናገሻ ጫካ ውስጥ ሳይቀር ይገኛል። ሁለተኛው ፊቱ ብርቱካናማ ነው፤ እሱ የደቡብ ምዕራብ ጫካ ወፍ ነው። «የእናንተው ብርቱካናማው ነው። ከማሻ አካባቢ የመጣ ይመስለኛል» አለ።

ዋጋነሽ አመሰገነቻቸውና ተቀመጠች። ጋሽ ረሻድ ስለ በሽታው የምታስብ መስሏቸው፣ አይዞሽ፣ ጤነኛ ነው ብለዋት ወጡ።

ማታ ግሩም ሲገባ ወፉን የት እንደገዛው እንደ ዘበት መልሳ ጠየቀችው። ቀና ሳይል ወሊሶ አላት። ከዚያ በላይ ልትጠይቀው አልደፈረችም። ብታጠብቅበት ይምላል፤ በሐሰት ከማለ ደግሞ በአባቱ አጥንት ላይ ሁለተኛ ኃጢአት ነው። ስለዚህ አፏን ዘግታ ዓይኗን ከፈተች። ጠዋት ጠዋት የመኪናውን ጎማ ጭቃ ታያለች። ስልኩ ሁለት ቀን ሙሉ ተዘግቶ የዋለበትን ጊዜ ታስታውሳለች፤ ኔትወርክ የለም ነበር ያላት። ወሊሶ ኔትወርክ የሚጠፋው ከመቼ ወዲህ ነው? እንጀራ ስታቀርብለት እጁን ታየዋለች፣ የአባቱ እጅ ነው። ሬሳው ሲመጣ ለማን አስቀድማ እንደምትደውል ሳይቀር አሰበች።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ወፉ ፊት ላይ ጉንዳን ሲሄድ አየች። ለብ ያለ ውሃ በጥጥ ነክራ ጠረገችለት። ጥጡ ብርቱካናማ ሆነ። ደግማ ጠረገችው፤ አሁንም ብርቱካናማ። ጥጡን ስታሸተው እርድ እርድ አላት። የወፉ ፊት ደግሞ ከአንገቱ ጋር አንድ ዓይነት ደብዛዛ ሆኖ ቁጭ አለ።

ፅዮንን ጠርታ ወፉን እንዴት እንደምታበላው ጠየቀቻት። ልጅቷ ሳታመነታ አሳየቻት፤ አልጫ የነካ እንጀራ በጣቶቿ ጠቅልላ፣ ራሱን በአውራ ጣቷ ደግፋ፣ ወደ አፉ ገፋ አድርጋ አጎረሰችው። ያልገባው ፊቱ ላይ ተቀባ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለሽ የለ? ሦስት ሦስት ነው የማጎርሰው» አለች።

ዋጋነሽ ከጠፋ ከሰነበተ ሳቋ ጋር ተገናኘች። ጋሽ ረሻድ ሲሰሙ ደግሞ የያዙትን የጎማ ከመነዳሪ አስቀምጠው ጎማው ላይ ተደገፉ። «ወይ ዋጋነሽ፣ ማሻን ድስት ውስጥ ሠርተሽ አመጣሽብን!» አሉ። ጉዲሳም አዲሱን ፎቶ ሲያይ መጀመሪያ ስለ ዘይትና ሽንኩርቱ ተቆጣ፣ ፍራፍሬ ስጡት አለ። ቀጥሎ፣ ጨቅላ ሲሆኑ ሁለቱም አንድ ስለሆኑ ማንም ሊለያቸው እንደማይችል፣ ላባውን ቀይሮ የራሱን ቀለም እስኪያወጣ ጥቂት ወራት መጠበቅ እንደሚያስፈልግ ነገራቸው።

የዚያን ዕለት እራት ላይ ዋጋነሽ ልጇን ይቅርታ ጠየቀችው። ሳምንቱን በልቧ ስትከሰው እንደሰነበተች፣ የጉዲሳን መልስ፣ የጥጡን ነገር፣ ሁሉንም ነገረችው። «እንግዲህ ላባው ሲመጣ ይለይለታል። ቢጫ ከሆነ የዚህ ነው፣ ብርቱካን ከሆነ የዚያ» አለችው። ልታስፈራራው አልነበረም፤ የሰማችውን ማውራቷ ነው።

ግሩም የጠቀለለውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰው።

«ስንት ወር ይፈጃል አሉ?»

«ሦስት፣ አራት።»

ፅዮንን ውሃ አምጪልኝ ብሎ አስነሳት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እስከዚያ ደብቄሽ መቆየት አልችልም» አለ። «አራት ጊዜ ሄጃለሁ፣ እማዬ። ማሻ። የመጀመሪያውን ፈርቼሽ ዋጥኩት፤ ሁለተኛውን ደግሞ የመጀመሪያውን ስላልነገርኩሽ።»

ዋጋነሽ እጇን ከመሶቡ አነሳች። ትጮሃለች ብሎ ጠብቋት ነበር፤ እሷም ከራሷ ይህንኑ ጠብቃ ነበር።

«ስልክህን የምትዘጋውስ?»

«የት ነህ እንዳትይኝ ነዋ።»

«ወፉስ?»

«ወፉ የወሊሶ ነው። በወፉ አልዋሸሁሽም።»

ይህንን አላመነችውም። ነገር ግን ወፉ ላይ አልቆየችም። ስድስት ዓመት ሙሉ ያንን ገደል በዓይነ ሕሊናዋ ስታየው ኖራለች፤ ይህን ግን፣ ያን ሁሉ ክፉ አስባ አስባ፣ አንድ ቀንም አላሰበችውም። «ብትወድቅ እኮ» አለችው፣ «ወሊሶ ነበር የምፈልግህ።»

ፅዮን በብርጭቆ ውሃ ይዛ መጣች፤ ግሩም ተቀብሎ ጠጣው።

በሳምንቱ አብረው የንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄዱ። ቄሱ ሁለቱንም አዳምጠው ለግሩም ስለሰበረው መሐላ ስግደት ሰጡት። ዋጋነሽ ከጎኑ ቆማ ሲፈረድበት እያየች ሳለ ወደ እሷ ዞሩና ለእሷም ሰጧት፤ ልጁ የሚበላበትን መንገድ በሙት አጥንት ማሰር የማን ሥራ ነው ብለው። ቅር ብሏት ወጣች። ሰፈራቸው ሳንሱሲ እስኪደርሱ በታክሲው ውስጥ አላነጋገረችውም። ከታክሲው ሲወርዱ ግን የራሷን ውል አመጣች፤ መሐላ የለበትም። ጎሬ ሲደርስ ይደውላል፣ ከጎሬ ሲነሳ ይደውላል፣ ማሻ ሲገባ ይደውላል። ጭጋግ ካለ ቆሞ ያድራል። ስልክ አይዘጋም።

ሐምሌ ገባ። በቀቀኑ አሮጌ ላባውን አንዳንድ እያለ ያራግፍ ጀመር፤ ፅዮን ከካርቶኑ ሥር እየለቀመች ደብተሯ ውስጥ ታስቀምጣለች። አንድ ጠዋት ዋጋነሽ ፓፓያ ልትሰጠው ስትጠጋ ግንባሩ ላይ፣ ከመንቆሩ በላይ፣ አዲስ ላባ አየች። እንደ ልማዷ በጥጥ ጠረገችው። ጥጡ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ላባው ቢጫ ነበር፣ የመስቀል አበባ የመሰለ፣ የማያጠራጥር ቢጫ።

ግሩም ከጎሬ ከተነሳ ሦስት ሰዓት ሆኖታል። ዋጋነሽ ስልኳን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። እንደ ወትሮው ክፉ ክፉው በተራ ቢመጣም የዛሬው ክፉ ቢያንስ አድራሻ ነበረው፤ የት እንዳለ ታውቃለች። ሊሆን የሚችለውን ሁሉ አስባ ከመጨረሷ በፊት ስልኩ ጮኸ።

«ማሻ ገብቻለሁ፣ እማዬ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለችና ትንፋሿን ሰበሰበች። «ቢጫ ሆነ።»

«ምኑ?»

«ወፉ ነዋ።»

ሳቀ። «ነግሬሽ ነበር እኮ።»

«አዎ» አለች፣ «እሱንስ ነግረኸኛል።»

ቀጥላ እዚያ ያሉት ብርቱካናማዎቹ ይታዩት እንደሆነ ጠየቀችው። ጭጋጉ ዛፉን ስለሸፈነው አይታዩም፣ ድምፃቸው ግን ከበላዩ ይሰማል አላት። ስልኩን በመስኮት እንዲያወጣላት ነገረችው። ጆሮዋን አጥብቃ አዳመጠች፤ የሚሰማት ጉርምርምታ ብቻ ነው።

«ሞተሩን አጥፋው» አለችው።

አጠፋው።