በደብረ ቁር ስለ ተፈጸመው የውክልና ንስሓ

የኃጢአትን ክፋት የቀደሙ ሊቃውንት በብዙ ምሳሌ አስተምረዋል፤ እሳት ናት ያሉ አሉ፣ ለምጽ ናት ያሉም አሉ። ነገር ግን፣ ልብ ያለህ አንባቢ ሆይ፣ ኃጢአት በገዛ መልኳ ስትመጣ ሰው ከሩቅ አይቷት ሊሸሻት ይቻለዋል፤ ሬሳ እንደ ሬሳ ሲሸት አፍንጫን ይዞ ማለፍ ነውና። ሆድን የሚያውክና አንጀትን የሚያገላብጥ ሌላ ነው፤ ይኸውም ሬሳው ታጥቦ፣ ሽቶ ተቀብቶ፣ ካባ ተደርቦለት በማዕድ ራስ ሲቀመጥና «እንብላ» ሲል ነው። የሐሰት ንስሓ እንዲህ ናት። በደብረ ቁር የሆነውን የምንተርከውም ክፉውን ሰው ለማውገዝ ብቻ አይደለም፤ ነገሩን የተጸየፈው ደግ ሰው ሳይወድ ከማዕዱ ስለ ቀመሰ ነው።

በዘመነ መሳፍንት፣ ዙፋን ለስም በቀረበትና ጦር ሁሉ ለየራሱ ንጉሥ በሆነበት ጊዜ፣ ደጃዝማች በርሱፈቃድ የሚባል ባለ ብዙ ጋሻና ባለ ብዙ ነጋሪት ሹም ነበረ። ይህ ሰው የእኅቱን ባል በመስቀል ምሎለት፣ «ና እንታረቅ» ብሎ ጠርቶት፣ ከአንድ ገበታ ቆርሶ ካጎረሰው በኋላ፣ እጁ ገና ከወጡ ሳይታጠብ በድንኳኑ ውስጥ አሳነቀው። ነገሩ በተሰማ ጊዜ አገሩ ተጸየፈው፤ ካህናት ስሙን በጸሎት መጥራት ተዉ፤ ሠራዊቱም «መሐላ ከበላ ጌታ ጋር ዘምተን ብንሞት ማን ይፈታናል?» እያለ ይከዳው ጀመር። እንግዲህ ከጸጸት ሳይሆን ከፍርሃት፣ ፍርሃቱም ከእግዚአብሔር ሳይሆን ብቻውን ከመቅረት የተነሣ፣ ወደ ነፍስ አባቱ ወደ አባ ጽጌ ድንግል መጣ። እኒህ መነኩሴ በመጽሐፍ የጠለቁ፣ በኑሯቸው የተጠነቀቁ፣ ከመኳንንት ግብር ርቀው በትንሽ ገዳማቸው የሚኖሩ ነበሩ። ኑዛዜውን ሰምተው ቀኖና ሰጡት፦ ያለ ጫማና ያለ በቅሎ፣ ያለ ሥጋና ያለ ጠጅ፣ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ደብረ ቁርን ይውጣ፤ በተራራው እግር ዋሻ ሚካኤልን፣ በወገቡ ገደል ማርያምን፣ በራሱ ላይ መድኃኔ ዓለምን ይሳለም፤ ከራሱ ሲደርስ እርሳቸው ይፈቱታል።

ደብረ ቁር እንደ ስሙ የቁር ደብር ነው፤ ከአስታው ቁጥቋጦ ዱር በላይ የጓሳ ሣር፣ ከጓሳውም በላይ ጅብራ የሚሉት ረጅም የደጋ ተክል ብቻ እንደ ዘብ ቆሞ የሚታይበት፣ በበጋም ውርጩ ድንጋይ የሚሰነጥቅበት ከፍታ ነው። መንገዱን ያላወቀ አይወጣውምና፣ ምእመናንን እየመራ ማውጣትን ከአባቱ የወረሰ ደምለው የሚባል የዚያው የደጋ ሰው ለደጃዝማቹ፣ ለሎሌዎቹና አብረው ለወጡት ለአባ መሪ ሆነላቸው። ደጃዝማቹ በዋሻ ሚካኤል ደጅ፣ የተሰበሰበው ሕዝብ እያየው፣ ማቅ ለብሶ ድንጋዩን አነሣ፤ ሕዝቡም «ይቅር ይበልህ!» እያለ አለቀሰለት። መንገዱ ዞሮ ሕዝቡ በተሰወረ ጊዜ ግን «ማንደፍሮ!» ብሎ ተጣራ። ከሎሌዎቹ አንዱ፣ ረጅምና ከሲታ ሰው፣ ቀርቦ ድንጋዩን ተቀበለው፤ ጌታውም ማቁን አውልቆ፣ ለምዱን ደርቦ፣ አራት ሰዎች በሚሸከሙት አልጋ ላይ ወጣ።

«ጌታዬ፣ ቀኖናው ለእርስዎ እንጂ ለሎሌዎ አልተሰጠም» አሉ አባ ጽጌ ድንግል።

«አባቴ፣ ርስቴን በነገረ ፈጅ ተሟግቼ አልረታሁምን? ሚስቴንስ ሽማግሌ ልኬ አላገባሁምን? ወኪል ያደረገው ባለቤቱ እንዳደረገው ይቆጠራል። ደግሞ አጓደለ እንዳይሉኝ እርሱ በባዶ እግሩ ይሄዳል፤ ሥጋም ጠጅም አይቀምስም። ያዘዙኝ ሁሉ አንድ ሳይቀር ይፈጸማል» አለ ደጃዝማቹ፣ ትራሱን እያመቻቸ።

አባም የመሳፍንትን ቁጣ የሚያውቅ ገዳም ልጅ ነበሩና፣ ተራራው ራሱ ይገሥጸው ይሆናል ብለው ለጊዜው ነገሩን ትተው መንገዱን ቀጠሉ። ተራራውስ ምን ያድርግ! በየዕረፍቱ ድንኳን ይተከላል፤ ሰንጋ ይወድቃል፤ ጠጁ «የማር ውኃ»፣ ጥሬው ሥጋ «የብርድ መድኃኒት» ይባላል፤ ከድንኳኑ ውጭ ደግሞ ማንደፍሮ ድንጋዩን ሳያወርድ ተቀምጦ፣ የተቆላ ሽምብራ ይቆረጥማል። ገደል ማርያም በደረሱ ጊዜ ደጃዝማቹ ከአልጋው ወርዶ፣ ማቁን መልሶ ለብሶ፣ በመቅደሱ ደጅ በግንባሩ ተደፋ፤ አለቀሰም፤ ልቅሶው ገደሉን አስተጋባው፤ የደብሩ ካህናትም አብረው አነቡ። ሲነሣ የአባን መስቀል ያዘና በአፉም በግንባሩም አሸው። ጺሙ ውስጥ የሥጋ ብጣሽ ተሰክቶ ነበር፤ ጮማው በመስቀሉ ላይ ተለድፎ ቀረ። ወዲያውም ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ፣ ከጠጅና ከጥሬ ሥጋ ትንፋሽ ጋር፣ «ካህናቱ አይተዋል አይደል?» ሲል ጠየቀ። አባ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ ሄደው መስቀሉን በቀሚሳቸው ጠረጉ፣ በአፈር ጠረጉ፣ በጓሳ ሣር ጠረጉ፤ ሽታው ግን በእጃቸው ላይ ሆነ። እንደዚያ ያለ መጸየፍ በሰውነታቸው ሲመላለስ በዕድሜያቸው ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነበረ።

ከዚያ ወዲያ ከአልጋው ርቀው፣ ከማንደፍሮ ጎን ሆነው ይሄዱ ጀመር። እግሩ ተሰነጣጥቆ፣ በውርጩ ላይ የደም ዱካ ይተው ነበር። «ልጄ፣ ለምን እሺ አልህ? የሌላ ሰው ኃጢአት በአንተ ትከሻ አይሰረይም» አሉት።

«አውቃለሁ አባቴ» አለ ማንደፍሮ፣ በየቃሉ መካከል ትንፋሹን እየፈለገ። «ወንድሜ አስናቀ ከሠራዊቱ ከድቶ ሲሄድ ተይዞ በጌታዬ ግቢ በእግር ብረት ነው። ድንጋዩን ከመድኃኔ ዓለም ደጅ ካደረስህ እፈታዋለሁ ብለውኛል። እኔ የምሸከመው ወንድሜን ነው፤ የሳቸውን ነገር እሳቸው ያውቃሉ።»

ከጅብራው ሜዳ በላይ፣ መንገዱ በበረዶ ቅርፊት በተሸፈነበት በተራራው በር ላይ፣ መሪው ደምለው ሰልፉን አስቆመ። የማንደፍሮን ፊት አገላብጦ አየና፣ «ከንፈሩ ጠቁሯል፤ አንደበቱም እየተያያዘ ነው። ቁሩ ገብቶበታል። አሁን ከወረደ ይተርፋል፤ ከወጣ ግን እኔ ዋስ አልሆንም» አለ። አባ ጽጌ ድንግል ነጠላቸውን ጥለው ድንጋዩን ከትከሻው ሊቀበሉ እጃቸውን ሰደዱ፤ ደጃዝማቹ ግን ከለምዱ ውስጥ አንገቱን አውጥቶ፣ «አይሆንም! ሁለት ሰው ከተቀባበለው ቀኖናው ይፈርሳል። መጽሐፉን የሚያውቁ እርስዎ ሲሆኑ እኔ ላስተምርዎ?» አለ። ማንደፍሮም ራሱ ድንጋዩን አጥብቆ ይዞ ዐለፋቸው፤ ወንድሙ በዚያች ድንጋይ ታስሮ ነበርና።

የመድኃኔ ዓለም ጉልላት በጉሙ ውስጥ ብልጭ ባለ ጊዜ፣ ከደጁ የድንጋይ ውርወራ ያህል ሲቀረው፣ ማንደፍሮ ጥቂት ለማረፍ እንደሚሻ ሰው ዐለት ተደግፎ ተቀመጠ። ሲጠሩት አልመለሰም፤ ዓይኑ ግልጥ ነበረ፤ ሽፋሽፍቱ ላይ አመዳይ ቆሞ ነበር። ደጃዝማቹ አልጋውን አስወርዶ ቀረበና፣ «ሞተ?» አለ። «ሞቷል» አለ ደምለው። ጌታውም «ድንጋዩ አልተሰበረም?» ሲል ጠየቀ። ይህንም ብሎ ማቁን ለበሰ፤ ከሟቹ ጭን ላይ ድንጋዩን አነሣ፤ ካህናቱ ጥላና ጽና ይዘው ሊቀበሉት ሲወጡ እያቃሰተ፣ እየተንገዳገደ፣ የዚያን ሁሉ መንገድ ድካም በዚያች በጥቂቷ መንገድ ላይ እያሳየ ሄዶ በደጁ አኖረው። ወደ ነፍስ አባቱም ዞረ።

«እነሆ ደረስሁ፤ ይፍቱኝ። ደግሞም ያስተውሉ፦ እኔ አንዲት ነፍስ አጠፋሁ፤ ዛሬ በእርሷ ፈንታ አንዲት ነፍስ ተከፈለች። ከታዘዝሁት አብልጬ እንጂ አጉድዬ አልመጣሁም።»

አባ ጽጌ ድንግል እስከዚያች ሰዓት «እርስዎ» ሲሉት ኖረው ነበር። «አልፈታህም» አሉት። «ድንጋይ ተሸከም አልሁህ እንጂ ሰው ዕረድ አላልሁህም።»

ደጃዝማቹ አልተቆጣም፤ ፈገግ አለ። የደብሩን አለቃ፣ አለቃ ኪሮስ የሚባለውን ቀይ ወፍራም ሰው፣ ወደ ዳር ጠርቶ ስለ ወርቀ ዘቦ ጥላና ስለ ምንጣፍ ጥቂት ቃል ነገረው። አለቃውም ፊቱ በርቶ ተመለሰና፣ በተንበረከከው ራስ ላይ እጁን ጭኖ «እግዚአብሔር ይፍታህ» አለ። ከበሮው ተመታ፤ ጽናጽሉ ተንሿሿ፤ እልልታውም ቀለጠ። በዚያ ሁሉ ዝማሬ መካከል አባ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ተደግፈው አስታወኩ፤ እህል አልቀመሱም ነበርና ከሐሞት በቀር የወጣ አልነበረም። ከዚያም ከደምለው ጋር ሟቹን ተሸክመው ወርደው፣ በገደል ማርያም ቅጥር ፍትሐት አድርሰው ቀበሩት።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበረ፤ እርሳቸውም ወደ ገዳማቸው ተመልሰው፣ «ለሹም ያላጎነበሱ አባት» ተብለው ይመሰገኑ ነበር። ግን ታሳሪው ነበረ። ስለዚህ ደጃዝማቹ ሠራዊቱን ሰብስቦ በችሎት በተቀመጠበት ቀን ከፊቱ ቆመው፣ ለማንደፍሮ የገባውን ቃል እንዲፈጽምና አስናቀን እንዲፈታ ጠየቁት።

«ማንደፍሮ አላደረሰውም» አለ ደጃዝማቹ። «የድንጋይ ውርወራ ያህል ቀርቶታል። ከደጁ ያደረስሁት እኔ ነኝ፤ ሁሉ አይቷል።»

«እንግዲያስ ቀኖናህ ፈረሰ» አሉ አባ፣ ሠራዊቱ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ሁለት ሰው ከተቀባበለው ይፈርሳል ያልህ አንተ ነህ። ወኪልህ ካልደረሰ አንተም አልደረስህም፤ ከደረሰ ግን ወንድሙን ፍታ።»

በጉባኤው መካከል ጉርምርምታ ሆነ፤ ባለ ጋሻዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ደጃዝማቹ ግን እባብ እንደሚተጣጠፍ በአንዲት ቅጽበት ተመለሰ። «መልካም ተናገሩ! እንግዲህ እርስዎ ይፍረዱ። አለቃ ኪሮስ ፈታኝ፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ የነፍስ አባቱ ምን ይላሉ እያለ ያማኛል። በዚህ ጉባኤ ፊት ‹ቀኖናው ተፈጽሟል› ይበሉ፤ አስናቀ አሁን ይፈታል። ‹አልተፈጸመም› ካሉም እስረኛው ባለበት ይኑር።»

አባ ጽጌ ድንግል ያን ጊዜ የተዘረጋላቸውን ወጥመድ አዩ። የዚያ ሰው ርኩሰት አንዲት ነገር ብቻ ጎድላት ነበር፤ እርሷም የእርሳቸው ቃል ነበረች። ዝም ብለው ቢሄዱ እውነት በአፋቸው ንጹሕ ሆና ትኖራለች፤ ብረቱም በአስናቀ እግር ላይ ይኖራል። በመጨረሻ «ተፈጽሟል» አሉ፤ ድምፁ የሌላ ሰው መሰላቸው። ነጋሪት ተጎሰመ። ደጃዝማቹ ከመንበሩ ወርዶ፣ ወፍራም ከንፈሩን በእጃቸው ላይ አድርጎ ተሳለማቸው፤ እጃቸውን አልነጠቁም።

አስናቀን ሁለት ሰዎች ደግፈው አወጡት። ብረቱ የበላው ቁርጭምጭሚቱ ቆስሎ፣ ትል አፍርቶ፣ በችሎቱ የቆሙት መኳንንት አፍንጫቸውን በኩታቸው ሸፈኑ። አባ ግን ክንዱን በትከሻቸው ላይ ጥለው ከግቢው ይዘውት ወጡ። ከወንዙ ሲደርሱ ቁስሉን አጠቡለት፤ ያን ጊዜ አስናቀ «ማንደፍሮ የት አለ? ለምን እርሱ አልመጣም?» አላቸው። አንድም ሳያስቀሩ ነገሩት። ሰውዬው እግሩን ከውኃው ሳያወጣ፣ ድምፅ ሳያሰማ ብዙ አለቀሰ።

«ታዲያ እርስዎ ያንን ርኩስ ንጹሕ ነው ብለው መሰከሩ?» አለ በኋላ።

«መሰከርሁ።»

«ስለ እኔ?»

«ስለ አንተ። አታመስግነኝ፤ ማመስገን የሚገባህን ሰው ነግሬሃለሁ።»

ለደጃዝማች በርሱፈቃድ የከዳው ሠራዊት ተመለሰለት፤ ሹመት በሹመት ተጨመረለት፤ ሸምግሎም በአልጋው ላይ ሞተ። አባ ጽጌ ድንግልን ግን የገዳማቸው ወንድሞች «ለሹም የሸጠን» ብለው ከማኅበር ለዩአቸው፤ እርሳቸውም ሳይከራከሩ ወጥተው፣ አስናቀ ባረሰው በአንድ ማሳ ጥግ ጎጆ ቀልሰው እስከ ዕለተ ሞታቸው ኖሩ፤ ስለዚያች ቃልም ንስሓ ከመግባት አላቋረጡም፤ ተመልሶ ቀኑ ቢመጣ ግን እንደማይናገሯት አንድ ጊዜ እንኳ አልማሉም። እጁ የነጻ ሁሉ ጻድቅ አይባልም፤ በአዘቅት የሚሰጥመውን ሰው ዳር ቆሞ የተመለከተም እጁ ንጹሕ ነውና።