የቼሎው ስንጥቅ

"ጥፋቱ የኔ ነው። ሐሙስ ጨርቁን ሳላረጥብ ሄድኩ" አሉ ማማ ኛዊዩዋል፣ በቼሎው ሆድ ላይ ያለውን ስንጥቅ በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ።

ይህን በደጋን የሚፈገፈግ ትልቅ ባለ ክር መሣሪያ ለመዘምራኑ የሚጫወተው ሩአች አጠገባቸው ቆሟል። ስንጥቁ የማን ሥራ እንደሆነ ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።

ማማ ኛዊዩዋል የቤተ ክርስቲያኑን የሙዚቃ ዕቃ ክፍል ቁልፍ ከያዙ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። የጋምቤላ በጋ እንጨት አድርቆ እንደሚሰነጥቅ ስለሚያውቁ፣ በየቀኑ እርጥብ ጨርቅ ከቼሎው ሳጥን ሥር ያነጥፋሉ። ያመለጣቸው አንድ ሐሙስ ብቻ ነው፤ ጀዊ የስደተኞች ካምፕ ያለች እህታቸውን ሊጠይቁ ሄደው። ሩአች ቼሎውን ጉድ ያደረገውም በዚያው ሐሙስ ነው።

አዲስ አበባ ያለ አንድ ኦርኬስትራ ለመግቢያ ፈተና የላከለት ሙዚቃ ግራ ያጋባል። ደጋኑን ክሮቹን ደግፎ ከያዘው ብርኩማ በታች ፈግፍግ ይላል፤ ቀጥሎ ክሮቹን ተውና ሆዱን በጣትህ አንጓ ሦስቴ ምታ ይላል። ሩአች በአንጓው ቢመታ ድምፁ ፈዘዘበት። በጋብቻ ቀለበቱ ደለቀው። በሦስተኛው እንጨቱ ቋ አለ። ስልኩ ይቀርጽ ነበር፤ ከቀረጻዎቹ ሁሉ ያማረውም ያው ሆነ። ለመጀመሪያው ዙር ቀረጻውን የመላኪያው ጊዜ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይሄኛው ግን አፉን የዘጋ ሰው ስላለ አራት ቀን አድሮም አልጠራም።

የመዘምራኑ ኃላፊ ሽማግሌ ኦጅዋክ እጃቸውን ዘረጉ። "ማማ፣ ማንም አልከሰሰዎትም። ግን ቁልፉን ሌላ ሰው ቢይዘው ይሻላል። ሩአችም ቼሎውን አዲስ አበባ ይዞ ይሂድ፣ እዚያው ያስጠግነዋል፣ ይፈተንበታል።"

"እሺ" አሉ ማማ። ቁልፉን ካሰሩበት ክር ፈቱ። ከዚያ ወደ ሩአች ዞሩ። "ልጄ፣ ይቅር በለኝ። ፈተናህን አበላሸሁብህ።"

ሩአች መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። ከተናገረ ቼሎውን ማን አምኖ ይሰጠዋል? ያለ ቼሎ ደግሞ ምን ይዞ ይሄዳል?

"ሽማግሌ፣ ቁልፉን ገና አይቀበሉ" አለ። ድምፁ ለራሱም የሌላ ሰው መሰለው።

ስልኩን አውጥቶ ቀረጻውን ከፈተና በሁለቱ መሃል ያዘው። ደጋኑ ሲፈገፍግ ማማ ኛዊዩዋል ፊታቸውን አኮማተሩ።

"ይሄ ምንድነው? ቼሎው ታሟል እንዴ?"

"ገና ነው ማማ፣ ትንሽ ይስሙ።"

ቀለበቱ እንጨቱን አንድ ጊዜ መታ። ሁለተኛም መታ። የሩአች አውራ ጣት የስልኩ ማቆሚያ ላይ ነበር። አነሳውና ሦስተኛው ሳይመጣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገው።