ሽቦ የገባበት ጊታር

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ፊደንሲዮ ሲሪሎን መናቅ የጀመረው ዛሬ አይደለም፤ ጊታሩን ግን እስከዚያ ዓመት ድረስ ነክቶበት አያውቅም ነበር።

ሦስት ሆነው ነው የሚጫወቱት። ፊደንሲዮ ቫዮሊን፣ አማቹ ናቦር ሃራና የሚሏትን ትንሿን ጊታር፣ ሲሪሎ ደግሞ ሆደ ሰፊውን ትልቁን ጊታር። በሁዋስቴካ አገር ሠርግም ሆነ ክርስትና፣ የሙት ዓመትም ሆነ የቅዱስ ሚካኤል በዓል፣ ሦስት ሰው ባርኔጣውን ደፍቶ ካልቆመ ሙዚቃ መጣ አይባልም። ቫዮሊኑ ይዘላል፣ ሃራናዋ ትንጫጫለች፣ ትልቁ ጊታር ግን መሬቱ ነው። ሰው ደግሞ የሚያየው የሚዘለውን ነው። መሬትን ማን ያያል? ረግጦት ያልፋል እንጂ።

አንድ ጊዜ የሬዲዮ ሰዎች ከከተማ መጥተው ሲቀዷቸው ማይኩን ከፊደንሲዮ አፍንጫ ሥር ተከሉና ሲሪሎን «አንተ ትንሽ ወደ ኋላ በል» አሉት። ወደ ኋላ አለ። ለፋሲካ በየግድግዳው የተለጠፈው ማስታወቂያ «ፊደንሲዮና ጓደኞቹ» ይላል። እሱንም ቆሞ አነበበ። ናቦርን ጣቱን እየያዘ ያስተማረው ሲሪሎ ነው፤ ልጁ ግን የፊደንሲዮን ልጅ ካገባ ወዲህ «መምህሬ» ማለቱን ተወ። ይህን ሁሉ ሲሪሎ ሆድ ይፍጀው ብሎ ያዘው። ሆድ ግን አይፈጅም፤ ያስቀምጣል።

በነሐሴ አንድ ቀን ፊደንሲዮ ግቢ ውስጥ ማንጎው ሥር ተቀምጠው ሲለማመዱ ነው ነገሩ የመጣው።

«አበልጄ፣ እንዳትቀየመኝ» አለ ፊደንሲዮ። ሲሪሎ የናቦርን ሚስት ክርስትና ያነሳ ሰው ነው። «ሰው የሚለውን ነው የምነግርህ። ጊታርህ አይሰማም።»

«አባቴ ሲጫወትበት ይሰማ አልነበር?»

«ያኔ ሰው ዝም ብሎ ያዳምጥ ነበር። ዛሬ ስፒከር ካልጮኸበት የመጣህም አይመስለው። የእኔ ሽቦ አለው፣ የናቦር ሽቦ አላት፤ አንተ ብቻ ማይክ ሥር ተጎንብሰህ ጡት እንደናፈቀ ጥጃ ትንፈራገጣለህ።»

ናቦር ሳቀ። ፊደንሲዮ አልሳቀም፤ ያ ነው የባሰው።

«ለሚካኤል ፒክአፕ የሚሏትን ድምፅ ሳቢ አስገባበት። አለዚያ የኤልመር ወንድም ቤዝ ጊታር አለው፣ እሱ ይቆማል።»

«ቤዝ? በሁዋፓንጎ ዘፈን ላይ?»

«ይሰማል እኮ አበልጄ» አለና ቫዮሊኑን አገጩ ሥር አስገባ። ነገሩ አለቀ።

ኤልመር ማለት ስፒከርና ማይክ እያከራየ ከበዓል በዓል የሚዞር ወጣት ነው። ክፉ ልጅ አይደለም። ጊታሩን ተቀብሎ አገላበጠው፤ ሆዱን በጣቱ መታ መታ አደረገና ጆሮውን ሰጠው።

«ዶን ሲሪሎ፣ ጥሩ እንጨት ነው። ገመዱ የሚያርፍበትን አጥንት ላውጣው፣ ከሥሩ በመሰርሰሪያ ልብሳውና ፒክአፑን ልቅበርልዎት። ከዚያ የተሻለ የለም።»

ሲሪሎ ጊታሩን ከእጁ ነጠቀው። «አባቴ ያልበሳውን አንተ ትበሳዋለህ?»

«እንግዲያው የምትለጠፈዋን ይውሰዱ። ይኸው፣ ሳንቲም ታክላለች። ከውስጥ በሰም ለጥፈው ሽቦዋን በአፉ ያወጧታል። ብቻ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ይቺ የነካትን ሁሉ ነው የምትሰማው። እንጨቱንም፣ ጥፍርዎንም፣ የሸሚዝዎን ቁልፍም። መርጣ ትሰማለች አይበሉ።»

ሲሪሎ ግማሹን ነው የሰማው። በሕይወቱ እሱን ያልመረጠው ነገር ሲበዛ ሰውም ዕቃም ያው ሆኖበታል።

ጓዳ ገብቶ፣ ኤልመር ያዋሰውን ትንሽ ስፒከር በርጩማ ላይ አስቀምጦ፣ የመጀመሪያውን ምት መታ። የወጣው ድምፅ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የተበተነ በቆሎ ነው። ሚስቱ ኦቲሊያ ደጅ ባቄላ ትፈለፍል ነበር።

«ምንድን ነው እሱ? ዳክዬ ገባብን እንዴ?»

«ዝም በይ አንቺ።»

እንደገና መታ። ገመዱ ይሰማል፣ ጥፍሩ ይሰማል፣ እንጨቱ የለም። አባቱ ወንዝ ዳር ወድቆ ካገኘው ዝግባ የጠረበው፣ ሲመቱት ደረት ለደረት የሚያንሾካሹከው ያ ድምፅ የለም። አጥንት ብቻ ቀርቷል፤ ሥጋውን ማን እንደበላው አይታወቅም። ፒክአፗን ገመዱ ወደታሰረበት እንጨት አስጠጋት፣ ጮኸች። አራቃት፣ ታፈነች። ከሥሯ ቁራጭ ቆዳ አደረገ፣ ሰሙን አወፈረ፣ ሰሙን አሳሳ። በሌላ ጎን ከጊታሩ አንገት በታች ለጠፋት፤ እዚያ ድምፅዋ ትንሽ ሞላ አለ፤ ግን ጉንፋን የያዘው ሰው ትመስላለች። በየቀኑ ከእርሻ ተመልሶ እጁን ሳይታጠብ ጓዳ ይገባል። ኦቲሊያ ምግቡ ሲቀዘቅዝ እያየች አትጠራውም።

አንድ ቀን ግን ራሱ ጠራት።

«ኦቲሊያ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ያለ ሽቦው ስጫወትና በሽቦው ስጫወት አንድ ነው?»

«አይደለም።»

«ምኑ ነው የጎደለው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? አንተ ነህ የጎደልከው» አለችና ወጣች። ለማጽናናት ያለችው ይሁን ለመስደብ ሊለየው አልቻለም።

እንግዲህ በዚያ አገር ጊታር የሚይዝ ሰው ሁሉ ከልጅነቱ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ጅራቱን የሚያንቀጫቅጨው መርዘኛ እባብ ሲገደል ቃጭሉ ተቆርጦ ይደርቅና በጊታር ሆድ ውስጥ ይቀመጣል። ድምፅ ይስላል ይባላል፤ አይጥና ሸረሪትም ያርቃል፤ ምቀኛም ያርቃል የሚሉ አሉ። የሲሪሎ አባትም አስቀምጦ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ቃጭሉ በጊታሩ ሆድ ወዲያና ወዲህ ሲንከባለል የኖረ ነው። ሲሪሎ አሰበ፣ አሰበና ገባው። ወይም የገባው መሰለው። ፒክአፗ እንጨቱን ነው የያዘችው፤ የጊታሩ ነፍስ ግን ቃጭሉ ነው፤ ነፍሱን ሳትነካ እንዴት አድርጋ ነፍስ ታሰማለች? ቃጭሉን በሰም አድርጎ ከነቅርፊቱ እላይዋ ላይ ለጠፈው።

ጎረቤት እንዳይሰማ ስፒከሩን ዝቅ አድርጎ መታ። ከድምፁ ሥር አንዲት ቀጭን ትንፋሽ ተሰማች። እንደ አባቱ ትንፋሽ።

«አሁንስ?»

«አሁን ይሻላል» አለች ኦቲሊያ ቀና ሳትል።

ተሽሎ ይሁን አይሁን እግዜር ይወቅ። ሰው የፈለገውን ለመስማት ጆሮ አያስፈልገውም።

የሚካኤል ዕለት ከቀትር በፊት አደባባዩ ሞልቷል። ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት የእንጨት መድረክ ተሠርቷል፤ ከመድረኩ ግርጌ ደግሞ ለጭፈራው ሳንቃ ተነጥፏል። በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ሲበስል ያደረው ሳካዊል የሚሉት የበቆሎና የሥጋ ምግብ ተከፍቶ ሰው በየሰሃኑ እየተሻማ ነው። የሸንኮራ አረቄውም ከጠዋት ጀምሮ ሥራውን ይሠራል። ትልልቆቹ ስፒከሮች በመድረኩ ግራና ቀኝ ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዙረው ቆመዋል። ሲሪሎ ሽቦውን ሰካ። ለናቦር «ዛሬ ትሰማኛለህ» አለው። ናቦር «እንግዲህ» አለ።

ፊደንሲዮ ጀመረ። ሃራናዋ ገባች። ሲሪሎ ገባ። ጨፋሪው ሳንቃውን ረገጠ፤ በዚያው ቅጽበት ከሁለቱም ስፒከር አንድ ነገር ወጣ።

ጭሽሽሽ።

የጓዳዋ ቀጭን ትንፋሽ በትልቁ ስፒከር ስትወጣ በሬ የሚውጥ እባብ ሆነች። ሰው ሳንቃውን በረገጠ ቁጥር ጭሽሽሽ፤ ሲሪሎ ገመዱን በነካ ቁጥር ጭሽሽሽ። ያ አልበቃ ብሎ ጊታሩ ራሱ ድምፁን መልሶ እየሰማ መጮህ ጀመረ፤ ውሻ ጅራቱን ሲረግጡት እንደሚጮኸው። ሴቶች ጆሯቸውን ያዙ። አንዱ ሰካራም ከአረቄው በርሜል አጠገብ ሆኖ «ዶን ሲሪሎ፣ ዶሮው አሮብዎታል፣ ያውርዱት» አለ። ሌላው «ዱላ አቀብሉት፣ እባቡ ሳይነድፈው» አለ። አደባባዩ ሳቀ። ናቦር ፊቱን ወደ ሃራናዋ አቀርቅሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

ፊደንሲዮ ቫዮሊኑን ሳያቆም በአገጩ ለኤልመር ምልክት ሰጠው። ልጁ መድረኩ ላይ ዘሎ ወጣና ሲሪሎ እግር ሥር ቁጢጥ አለ።

«ዶን ሲሪሎ፣ ከውስጥ ምን አስገብተው ነው?»

«የነበረውን ነው።»

«ያውጡት።»

«አላወጣም።»

ኤልመር ፊደንሲዮን ቀና ብሎ አየው። ከዚያ ሲሪሎን አየው። «ይሁን፣ ይጫወቱ። እዚያ ሆኜ አስተካክለዋለሁ» ብሎ ወደ ድምፅ ማስተካከያው ሚክሰር ተመለሰ።

ሁለተኛው ዘፈን ሲጀመር ጭሽታው ጠፋ። ጩኸቱም ጠፋ። ሲሪሎ መታ፣ ሰማም። እንጨቱ ነበር። ዝግባው፣ አባቱ፣ ደረት ለደረት የሚያንሾካሹከው ያ ድምፅ፣ ሳይቆረቁር፣ ሳይታፈን፣ ልክ ማንጎ ሥር ተቀምጦ እንደሚጫወተው። ስንት ቀን ጓዳ ውስጥ የፈለገው ይኸው መጣ። ልጁን በልቡ መረቀው። ሥራ የሚያውቅ ሰው አለ ማለት ነው በዚህ አገር። ሕዝቡ መሳቁን ትቶ ይጨፍራል፤ ፊደንሲዮ ፊቱ ተፈቷል። ሲሪሎ እንደዚያ ቀን ተጫውቶ አያውቅም። ጣቱ ሳያስበው ይሄድለታል፤ ያለፈውን ሁሉ፣ የሬዲዮውን፣ የማስታወቂያውን፣ የዚያን ሁሉ ሰው ወደ ኋላ በል ባይነት በገመዱ መለሰላቸው። ዓይኑ ረጠበ።

በዚያ አገር ዘፋኝ ግጥም ሲያወርድ ጨፋሪ እግሩን ያለዝባል፤ ግጥሙ እንዲሰማ ነው። ፊደንሲዮ አፉን ከፈተ፣ እግሮች ለዘቡ፣ አደባባዩ ጸጥ አለ። ሲሪሎ ዓይኑን ለመጥረግ ቀኝ እጁን ከገመዱ ላይ አነሳ።

ምንም አልጎደለም።

ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ገጭቶ የሚመለሰው ድምፅ ያው ድምፅ ነው፤ ቫዮሊንና ሃራና፣ የፊደንሲዮም ግጥም። ሲሪሎ እጁን እንዳነሳ ቆየ። አንድ ጨፋሪ አልተሰናከለም፣ አንድ ራስ አልዞረም። እጁን መለሰና መታ፤ እንጨቱ ሆዱ ላይ ተናገረ፣ ግድግዳው ግን አልመለሰም። እንደገና አነሳ። ከዚያ ማዶ ወደ ሚክሰሩ አየ። ኤልመር ሲያየው ቆይቶ ነበር መሰል፣ ቶሎ ጎንበስ ብሎ ገመድ መጠቅለል ጀመረ።

የተፈጥሮ ድምፁ የወጣለት ሽቦውን ስለዘጉበት ነው።

ዕረፍት ሲሆን ከመድረኩ ጀርባ ፊደንሲዮ አረቄ ቀድቶ ሰጠው። አልተቀበለም።

«ከየትኛው ዘፈን ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«ታውቀዋለህ።»

ፊደንሲዮ አረቄውን ራሱ ጠጣው። «ከሁለተኛው። ምን ላድርግ አበልጄ? ሰው ሲስቅብህ ልይ?»

«ለኔ ብለህ ነው?»

«ላንተም፣ ለኛም። ሰው ወዶታል። አየህ እንዴት እንደጨፈረ?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሑድ ክርስትና አለ፣ አጉዋ ሳርካ መንደር። ትመጣለህ። የኤልመርን ወንድም ከኋላ እናስቀምጠዋለን፣ ቤዙን ይዞ። አንተ እንደልማድህ ከመሀል።»

«ሽቦዬስ?»

«ይሰካ። ሰው ሲያየው ደስ ይለዋል። ሁለት ባርኔጣ አያምርም፣ ሦስት ነው የሚያምረው።»

ሲሪሎ የሚለው ብዙ ነበር። ሆዱ ውስጥ በየዓመቱ የተደረደረ፣ ቃል በቃል ተጠንቶ ያደረ። ጊታሩን ወርውሮ መሄድም ነበር። ግን ጊታሩን ይዞ ወዴት ይሄዳል? ብቻውን የሚጫወት ትልቅ ጊታር ማን ይጠራል? መሬት ብቻውን አይዘፈንበትም።

«የእሑዱ መኪና ስንት ሰዓት ይመጣል?» አለ።

በማምሻው ከኦቲሊያ ጋር ወደ ቤት ሲመለሱ መንገዱ ጭቃ ነበር። ጊታሩን በጀርባው አዝሎ ከፊት ይሄዳል። እሷ የተረፈውን ሳካዊል በቅጠል ቋጥራ ከኋላ ትከተለዋለች።

«ዛሬ አማረብህ» አለችው። «መጀመሪያ ላይ ነው እንጂ የከፋው፣ ኋላማ ጊታርህ እንደ ድሮው ነበር።»

«የት ተቀምጠሽ ነበር?»

«ከስፒከሩ ሥር። ቦታ ጠፍቶ።»

ከዚያ ሥር የእሱ ጊታር አልተሰማም። አዝናለት ዋሽታው እንደሆነ፣ ወይም ይህን ሁሉ ዘመን አብራው ኖራ ድምፁን ለይታው የማታውቅ እንደሆነ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የሚለየው። ጭቃው ውስጥ እግሩን እየነቀለ ሄደ፤ አልጠየቃትም።