እንጀራ እናትን ማን ያውርዳት

በተረት ዓለም እንጀራ እናት ስም የላትም። ንጉሡ ስም አለው፣ ፈረሱም ስም አለው፤ እሷ ግን ክፋቷን ሠርታ ሠርታ በመጨረሻ ገደል እስክትገባ ድረስ ያው «እንጀራ እናቲቱ» ናት። የኮልፌዋ ግን ስም አላት፤ ሙሉወርቅ ትባላለች። ጦር ኃይሎች አጠገብ ጉሊት ተቀምጣ ሽንኩርትና ቃሪያ ትሸጣለች። ባሏ ፈቀደ ሰሜን ጦር ግንባር ነው። ከሟች ሚስቱ የወለዳትን አየለችን የምታሳድገው እሷ ናት። በዚያ የአብዮት በዓል ሰሞን ታዲያ ሙሉወርቅ ንዴት ሊገድላት ደርሶ ነበር፤ ብትናደድም እውነት አላት።

ነገሩ የመጣው ከቀበሌው የኪነት ቡድን ነው። አምሐ የሚባለው መሪያቸው በልጅነቱ የሰማውን የእናት አልባዋን ልጅ ተረት አብዮታዊ ትያትር አድርጌዋለሁ ብሎ ደረቱን ነፍቷል። የንጉሡን ልጅ አስወጥቶ በቦታው የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር አስገባ። ጅቡን ኢምፔሪያሊስት አደረገው። እንጀራ እናቲቱን ግን ጫፏንም አልነካት፤ ከነቁንጥጫዋ ከነምላሷ ተዋት። እናት አልባዋን ልጅ እንድትሆን አየለችን መረጠ፤ «እናት የላትም፣ ለቅሶው ከውስጧ ይወጣል» አለ። ለእንጀራ እናቲቱ መልከ ጥፉ ልጅ ደግሞ የልብስ ሰፊውን የደመቀን ልጅ መረጠ፤ ምክንያቱ ጠቆር ማለቷ ብቻ ነው። ልጅቷ የዚያን ቀን እያለቀሰች ቤቷ ገባች። ቀላ ያለችው ደግ፣ ጠቆር ያለችው ክፉ እንድትሆን የደነገገው ማን እንደሆነ እንጃ፤ ማንም ይሁን ማን ሙሉወርቅ ብታገኘው አትለቀውም ነበር።

አየለች ጎበዝ ናትና ቃለ ተውኔቷን ማታ ማታ ቤት ውስጥ ትለማመዳለች። «እንጀራ እናቴ፣ በእናቴ አፅም ይዤሻለሁ፣ አትግደይኝ!» እያለች ትጮሃለች። ሙሉወርቅ ሽንኩርት እየለቀመች «ትንሽ ረገብ አድርጊው፣ ጉሮሮሽ ይነቃል» ትላታለች። በጭቃ ግድግዳው ወዲያ ማዶ ያለው ጎረቤት ግን የሰማው ጩኸቱን ብቻ ነው። ቢጠይቁ ምን ነበረበት? ማንም አልጠየቀም። እንጀራ እናት ቤት ልጅ ከጮኸች የሚጠየቅ ነገር የለማ! ወሬው በሦስተኛው ቀን ዘነበወርቅ ሰፈር ደረሰ፤ የፈቀደ እህት አልማዜም የቆርቆሮ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ከተፍ አለች።

«የወንድሜን ልጅ አላስገድልም» አለች ደጅ ላይ ቆማ፣ ሰፈሩ እንዲሰማ።

«እትዬ አልማዜ፣ ይግቡና ልጅቷን ራስዋን ይጠይቋት» አለች ሙሉወርቅ።

«ምን ብላ ትናገር? ፈርታሽ!»

ሙሉወርቅ ደሟ ፈላ። አየለችን ከዚችው ሴት ቤት ስትረከባት የልጅቷ ራስ ቆረቆር በልቶት፣ ቅማሉ አንገቷ ላይ ይሄድ ነበር። አልማዜ ያኔ «ውሰጂያት፣ እኔ አልቻልኩም» ነበር ያለችው። አሁን ልጅቷ ውሃ መቅዳት፣ ልብስ ማጠብ ስትችል ነው አክስትነቷ የታወሳት። ይህን ሁሉ ብትናገር ማን ያምናታል? የቀበሌው ሊቀመንበርም «አክስት ሥጋ ናት፤ ከበዓሉ ትያትር በኋላ ይዘሻት ትሄጃለሽ» ብሎ ለአልማዜ ቃል ሰጣት። ሙሉወርቅ ቀበሌ ድረስ ሄዳ ብትጮህ የሰማት የለም።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት አምሐ እያለከለከ መጣ። እንጀራ እናቲቱን የምትጫወተው ወጣት ቀርታበታለች። እናቷ «ሟርት ነው፤ እንጀራ እናት ሆና የታየችን ማን ያገባታል?» ብላ ከልክላታለች። ከሴቶች ማኅበር የጠየቃት ሁሉ ቤቷ ላይ እንዳይደርስ አማትባ እምቢ ብላለች።

«እና ወደኔ መጣህ» አለች ሙሉወርቅ።

«ጓድ ሙሉወርቅ፣ አንቺ መቼም... ልምምድ አያስፈልግሽም።»

ቃሪያውን ጥላ ተነሳች። «ስማ፣ ንጉሡን አውርዳችኋል። ጅቡን እንኳ ኢምፔሪያሊስት አድርጋችሁታል። እሷን መለወጥ ምን አቃታችሁ?»

አምሐ ከልቡ ግራ ገባው። «እንጀራ እናት ያው እንጀራ እናት ናት እኮ» አላት።

በዚያች ቅጽበት ልታንቀው ቃጣት። ከዚያ ግን «እሺ፣ እጫወታለሁ» አለችው። ለምን እሺ እንዳለች ራሷም በደንብ አላወቀችም። ሰፈሩ እስኪጠግብ ይያት፤ ልጅቷን መውሰዳቸው ካልቀረ ይውሰዱ፤ እሷም የሆዷን ሁሉ መድረክ ላይ ተናግራ ትወጣለች። ሐሳቧ ይኸው ነበር።

አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ፊት ለፊት ሊቀመንበሩ፣ አጠገቡ አልማዜ፣ እግሯ ሥር የቆርቆሮ ሻንጣዋ። ሙሉወርቅ ብቅ ስትል ሕዝቡ ገና ምንም ሳታደርግ «ትውደም!» አለ። የምታውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ሽንኩርቷን በዱቤ የሚበሉ፣ ሲታመሙ የጠየቀቻቸው። አየለች አመድ ተቀብታ በጉልበቷ ተንበርክካለች። የሚቀጥለው ሙሉወርቅ እጇን አንስታ በጥፊ ልትላት፣ ልጅቷ ጮሃ ልትወድቅ ነው። ከቀረችው ወጣት ጋር ሲለማመዱ አየለች አወዳደቋን አሳምራው ነበር።

ሙሉወርቅ እጇን አነሳች። እውነቱን ለመናገር ያ እጅ መምታት ፈልጎ ነበር፤ አምሐን፣ አልማዜን፣ «ትውደም» ያለውን አፍ ሁሉ። በቅርብ ያለችው ግን ልጅቷ ብቻ ናት። የገዛ እጇ አስፈራት።

አየለች ቀና ብላ ከራሷ በላይ ያለውን እጅ አየችው። አልጮኸችም፤ አልወደቀችምም። ዞር አለችና ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች፤ አንገቷን ደፋ አድርጋ ጸጉሯን በሁለት እጇ ከማጅራቷ ላይ ገለጥ አደረገችላት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሙሉወርቅ ዱካዋ ላይ ተቀምጣ፣ ቅቤና ሚዶ ይዛ እጇን ስታነሳ የምታደርገው ይህንኑ ነው። ያ እጅ ከጸጉሯ ሌላ ጉዳይ ኖሮት አያውቅም።



«ምቺያት እንጂ፣ ጓድ!» አለ አምሐ ከመጋረጃው ጀርባ።

አየለች ራሷን እንደደፋች የሙሉወርቅን ጉልበት በክርኗ ፈለገች፤ አጣችው። «እታለም፣ ዱካ የለም እኮ» አለቻት። ያንን ኋላ ያሉት እንኳ ሰሙት።

ሙሉወርቅ ልትናገር ያሰበችው ብዙ ነበር፤ ሳትናገረው ቀረ። ንዴቷ ግን አልቀረም። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ፊት ለፊት ወዳለው ወንበር ዞረች።

«እትዬ አልማዜ፣ ያንን ሻንጣ ወዲህ ይበሉልኝ፤ ልቀመጥበት።»

አልማዜ ሻንጣዋን በእግሯ ወደ ራሷ ሳበችው። ከኋላ «ስጫት!» የሚል ድምፅ መጣ፤ ቀድሞ «ትውደም» ሲል የነበረው ድምፅ ነው። ሊቀመንበሩ ማንንም ሳያይ ጎንበስ ብሎ ሻንጣውን ከአልማዜ እግር ሥር አወጣና ወደ መድረኩ አቀበለ። ባዶ ስለነበር እጅግ ቀላል ነበር። ሙሉወርቅ ተቀመጠችበት፤ የልጅቷን ራስ ወደ ጉልበቷ አስጠጋችና አመዱን ከጸጉሯ ማራገፍ ጀመረች።