መርዶ በክፍል አስራ ዘጠኝ

የሰባት ዓመቱ ምንተስኖት በቴሌቪዥን መታየት የጀመረው ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የሃያ ስድስት ዓመቱ ምንተስኖት በዚያች ሰዓት ጣሪያ ላይ ወጥቶ የአክስቱን ዲሽ ያዞር ነበር። ሥራው ዲሽ ማስተካከል ነው። ይሄ ሥራ ደግሞ በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነው የሚሠራው፤ ከታች ሆኖ የሚጮህ ሰው ይፈልጋል።

«መጣ?»

«መጣ!» አለች አክስቱ ስንቅነሽ ከሳሎን።

«ምን መጣ?»

«አንተ መጣህ!»

«እኔማ እዚህ ነኝ።»

«እዚህም አለህ። አትንካው፣ እንዳይጠፋ!»

ብሎኑን አጥብቆ ወረደ።

ፊልሙ ስለ ጠፈር መርከብ የሚተርክ ተከታታይ ነው፤ ክፍል አስራ ዘጠኝ ላይ ደርሷል። መርከቧ አንዲት ግራጫ ፕላኔት ላይ አርፋ መነሳት አቅቷታል። አንድ ልጅ በሯ ላይ ተቀምጦ አልነሳም ብሏል። ልጁ የጠፈር ልብስ ለብሷል፤ አንገቱ ጋ ግን ስንቅነሽ የሠራችው ቡናማ ሹራብ ብቅ ብሏል። የቀኝ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለ። ምንተስኖት የራሱን ቅንድብ ዳሰሰ። አለ።

ልጁ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ «እማዬ መቼ ነው የምትመጣው?» ይላል። ሠራተኞቹ በየተራ «ነገ» ይሉታል። ካፒቴኗ ሰዓቷን አየችና፣ በሩ ካልተዘጋ ያለው አየር ለሚቀጥለው ክፍል አይደርስም አለች።

«ይሄን ልጅ ማንም አላረዳውም» አለ ምንተስኖት።

ስንቅነሽ የቀሚሷን ጫፍ አየች። ምንተስኖት የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ እናቱ የሞተች ጊዜ፣ ለልጅ መርዶ አይነገርም ተብሎ፣ «አረብ አገር ሄዳለች፤ ብስክሌት ይዛልህ ትመጣለች» ያለችው እሷ ነች። እሱ እውነቱን የሰማው በአስራ አንድ ዓመቱ፣ ብይ ሲጫወቱ ከተጣላው ልጅ አፍ ነው። ያን ቀን ልጁን ደበደበው እንጂ አላለቀሰም። ትምህርቱን ተወ። ካደገ በኋላም አንድ ቤት ከሁለት ወር በላይ ተከራይቶ አያውቅም።

«ጋሽ ባንጃውን ጥራቸው» አለች።

ጋሽ ባንጃው የእድሩ ሊቀመንበር ናቸው። ከዘራቸውን ተደግፈው ፊልሙን እስከ መጨረሻው አዩት።

«ለልጅ አይነገርም። ደንብ ነው» አሉ።

«ልጁ እኮ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ጋሼ።»

አንዴ እሱን፣ አንዴ ቴሌቪዥኑን አዩ። «እንግዲያማ ዘግይተናል። መርዶ ደግሞ በማለዳ ነው። ይሄ ነገር መቼ ይደገማል?»

«ነገ እሁድ፣ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት።»

«ጎሽ። ሥርዓት የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።»

እሁድ ማለዳ ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ። ጋሽ ባንጃው ስክሪኑን እንደ በር ሦስት ጊዜ አንኳኩ። ልጁ ዞረና የሄልሜቱን መስታወት ከፍ አደረገ።

«የኔ ልጅ፣ ጠንከር በል። እናትህ አርፋለች።»

ልጁ አንድ በአንድ አያቸው። «ብስክሌቱስ?»

«ብስክሌት የለም» አለች ስንቅነሽ። «ዋሽቼህ ነው፣ የኔ አንጀት።»

ልጁ ከበሩ ተነሳና አለቀሰ። ምንተስኖትም ሶፋው ላይ ሆኖ አለቀሰ። የሁለቱ ድምፅ እኩል ስላልነበረ ስንቅነሽ የቴሌቪዥኑን ቀነስ አደረገችው። ልጁ ወደ ውስጥ ገባ፤ የመርከቧ በር ተዘጋ፤ ተነስታም ሄደች።

ምንተስኖት ሁለት እፍኝ ንፍሮ በላና መሬት በተነጠፈው ፍራሽ ላይ እስከ ስምንት ሰዓት ተኛ። ሲነሳ ቀለል ብሎት ነበር።

«እዚሁ ብቀመጥስ?» አላት።

«ማን አባረረህ?»

ሰኞ የእድሩ ድንኳን ከመጋዘን ጠፋ። ቁልፉ አልተሰበረም። ጋሽ ባንጃው «ለቅሶ ቤት ነው ያለው» አሉ፤ ማንም አልፈለገውም።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ክፍል ሃያ ተጀመረ። መርከቧ አትታይም። በዚያች ግራጫ ፕላኔት ላይ የእድሩ ድንኳን ተተክሏል፤ የእድሩ ስም ጎኑ ላይ በቀይ ቀለም ይነበባል። ሰው የለም፣ ነፋስ የለም። ደጃፉ ላይ አንድ የልጅ ብስክሌት ተደግፏል፤ የኋላ ጎማው ገና ይሽከረከራል። አሸዋው ላይ አንድ የጎማ መስመር አለ፤ ከአድማስ ይመጣና ድንኳኑ በር ላይ ያበቃል።